ሦስት እርምጃ ወደ በሩ

ሰሞኑን የዕቃ ሳጥኔን ሳስተካክል አንዲት ስስ ደብተር እጄ ገባች። ሽፋኗ ላይ የልጅ ልጄ በእስክሪብቶ «የብርሃን ደብተር፣ ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 2014» ብላ ጽፋለች። ውስጧ ቁጥር ብቻ ነው፦ 80,000፣ 9,600፣ 1,200፣ 300፣ 19፣ 4። ለማያውቅ ሰው የዕድር መዋጮ መዝገብ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ስገልጥ አሁንም ሆዴ ይባባል። ዛሬ የዚያችን ደብተር ነገር ላጫውታችሁ። ልጅ የምታሳድጉም ሆናችሁ እንደ እኔ የልጅ ልጅ የምታቅፉ፣ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁት የምትገቡት ነገር አይጠፋም።

ነገሩ የተጀመረው በካሜራ ነው። ውጭ አገር ያለው ልጄ ለልጁ ያገለገለ ካሜራ ላከላት። ልጅቷ ያኔ 14 ዓመቷ ነው፣ አብራኝ አዲስ አበባ ትኖራለች። እኔ ፎቶ አንስታ የምታሳየኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ማታ ቡና እየጠጣን «እማማ፣ ይኼ ካሜራ እኮ ክፍሉ ውስጥ ስንት ብርሃን እንዳለ ይናገራል» አለችኝ።

«እንዴት አድርጎ?»

«ካሜራ ዓይን ነዋ!»

ዓይን ካለችኝ መግባባት ቀላል ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ በባትሪ የዓይን ብሌን እያየሁ የኖርኩ ነርስ ነኝ። ብርሃን ሲበዛ ብሌን ትጠባለች፣ ሲያንስ ትሰፋለች። ካሜራውም እንደዚያው ቀዳዳ አለው። የቀዳዳው መጠን «ኤፍ» በሚል ቁጥር ይጻፋል፣ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ ኤፍ 16 ጠባብ ቀዳዳ፣ ኤፍ 2.8 ሰፊ ቀዳዳ ማለት ነው። ሁለተኛው መዝጊያው ነው፤ እንደ ዓይን ቆብ ተከፍቶ ይዘጋል። 1/60 ከተባለ የሰከንድ አንድ ስድሳኛ ያህል ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው «አይኤስኦ» የሚሉት ሲሆን ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር በትንሽ ብርሃንም ያያል።

ካሜራው ጥሩ ፎቶ ለማንሳት ሦስቱን ሲያመዛዝን በእጅ አዙር የብርሃኑን ልክ እየተናገረ ነው። ሒሳቡ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የኤፍን ቁጥር በራሱ ማባዛት። የተገኘውን በ250 ማባዛት። መዝጊያው 1/60 ከሆነ በ60፣ 1/125 ከሆነ በ125 ማባዛት። በመጨረሻ በአይኤስኦው ማካፈል። የሚወጣው ቁጥር «ሉክስ» ይባላል፣ ነገሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። አንድ ሉክስ ማለት አንድ ሻማ አንድ ሜትር ርቀት ላይ የምትሰጠው ብርሃን ያህል ነው። 250 የምትለው ቁጥር እንደየካሜራው ትንሽ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ግን ነገራችን የመቶና የሺህ እጥፍ ልዩነት ስለሆነ አያሳስብም።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ነጭ ነጠላ ላይ ቢያነጣጥሩት ብርሃኑ የበዛ ይመስለዋል፣ ከሰል ላይ ቢያነጣጥሩት ያነሰ። ስለዚህ ግራጫ ካርቶን ገዛን። መለካት የፈለግነው ቦታ ላይ እናስቀምጠውና ካሜራው እሱን ብቻ እንዲያይ እናደርጋለን። የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ስታስረዳኝ ከሰማኋት በኋላ «ይህን ካሜራ ይዘን አንድ ቦታ እንሄዳለን» አልኳት። ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አልነገርኳትም።

ከባሕር ዳር ወደ ላይ

ታላቅ እህቴ ደብረ ታቦር ናት። እኔም ተወልጄ ያደግሁት፣ ነርሲንግ ተመርቄም መጀመሪያ የሠራሁት በዚያው አካባቢ ነው። ለቡሄ ብንደርስ ብለን ነሐሴ 11 ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተነሣን።

ሐሙሲትን አልፈን ፎገራ ሜዳ ስንገባ ሩዙ ውኃ ላይ ቆሞ ነበር። ደመናው ለጥቂት ደቂቃ ገለል ሲል ወረታ ላይ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። ልጅቷ ካርቶኑን ፀሐይ ላይ ዘርግታ አነሳች፦ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16፣ 1/125። ደብተሯ ላይ ሠራችው፦ 16 በ16 ሲባዛ 256፣ በ250 ሲባዛ 64,000፣ በ125 ሲባዛ 8 ሚሊዮን፣ በ100 ሲካፈል 80,000 ሉክስ። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ እንደሚደርስ ይታወቃል፣ ስለዚህ ሒሳባችን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። አንድ የሚኒባሱ ተሳፋሪ «ምኑን ነው የምትለኩት?» ቢል «ፀሐይዋን» አልኩት። ሳቀና ሻዩን ቀጠለ።

ከወረታ የጎንደሩን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ቻይናዎች እስከ ወልድያ የሠሩት መንገድ ነው። ደብረ ታቦር ከዚያ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በዚያች መንገድ ወደ 900 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። የአውራ አምባን መታጠፊያና ዓለም በርን አልፈን ስንወጣ ሙቀቱ ቀረና ጉም ተቀበለን። ሹራቤን ደረብኩ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት፤ በነሐሴ እንግዳን የምትቀበለው በዝናብ ነው።

ስለ ከተማዋ ታሪክ ብዙ ስለተጻፈ አላረዝምም። የየጁው ራስ ጉግሣ መቀመጫ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ አውሮጳውያን ባለ እጆችን አስቀምጠው መድፍ አስቀለጡ፣ ሴባስቶፖልም እስከ መቅደላ የተጎተተው ከዚያ ተነሥቶ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ስሟ ነው። ጌታ በደብረ ታቦር ተራራ ላይ በብርሃን የተገለጠበት በዓል በአገራችን ቡሄ ነው። እንግዲህ የብርሃን በዓል ስም የያዘች ከተማ ዓመት በዓሏን የምታከብረው ዓመቱን ሙሉ ብርሃን በሚያንስበት በክረምቱ ልብ ነው። ሽማግሌዎች «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» የሚሉትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያ ወዲያ ሰማዩ መግለጥ ይጀምራል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ወጣን። ደመናው ዝቅ ብሏል። ልጅቷ መጀመሪያ ቅጥሩ ውስጥ ነጠላ የለበሱትን ሰዎች አነሳችና ስታሰላ 40,000 ሉክስ ወጣላት። «በዚህ ደመና? አይሆንም!» አለች። ወዲያው ትዝ አላትና ግራጫውን ካርቶን አወጣች፦ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 1/60። 9,600 ሉክስ። ነጭ ልብስ ከአራት እጥፍ በላይ አታሎን ነበር።

ይህችን 9,600 አስተውሉልኝ። ከወረታ ፀሐይ ስምንት እጥፍ ያነሰ ብርሃን ነው። ግን ዓይናችን ስምንት እጥፍ መጨለሙን አልነገረንም፤ «ዛሬ ትንሽ ዳምኗል» አልን፣ አለቀ። ዓይን ደግ ናት። ባነሰም ትበቃቃለች፣ ያነሰ መሆኑን ግን አትነግርም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁሉ ይኸው ነው።

የእህቴ አተር

እህቴን እታለም ነው የምላት። ዕድሜዋ 70 አልፏል። ቤቷ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ፊት ለፊት አንድ መስኮት አለ። ስንገባ ከምድጃው አጠገብ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ አተር ትለቅማለች። የጾም ሰሞን ስለሆነ ለሽሮ ነው።

«ዓይኔ ደከመ እኮ» አለችኝ። «ጠጠሩን ከአተር መለየት አቃተኝ። ባለፈው እንግዳ ጥርስ ሊሰበር!»

የልጅ ልጄ ሳትጠየቅ ካርቶኑን ሰፌዱ ላይ አኖረች። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 2.8፣ 1/15። 2.8 በ2.8 ሲባዛ 8 ያህል ነው፣ በ250 ሲባዛ 2,000፣ በ15 ሲባዛ 30,000፣ በ1600 ሲካፈል 19 ሉክስ። ከዚያ በርጩማውን መስኮቱ ሥር አደረግንላትና ደግመን ለካን። አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 4፣ 1/30። 300 ሉክስ። አራት ክንድ የማይሞላ ርቀት ከ15 እጥፍ በላይ ብርሃን አመጣ። እታለም ሰፌዱን አንዴ አማታችና ሦስት ጠጠር በተርታ አወጣች። «ዓይኔ ተመለሰ!» ብላ ሳቀች።

ዓይኗ አልተመለሰም። ዕድሜ ሲገፋ ብሌናችን ትጠባለች፣ የዓይናችን ሌንስም እየደበዘዘ ይሄዳል። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ነው ይባላል። ለወጣት የበቃ ጥግ ለአዛውንት ጨለማ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ «አያቴ ዓይናቸው ጠፋ» ከማለታችን በፊት ወንበራቸውን ማዞር ነበረብን። ወደ ሐኪም መውሰዱ አይቅር፤ ዓይን ሞራ ከሆነ ይታከማል።

የዚያ ቀን ማታ የቡሄ ዋዜማ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ችቦ ተለኮሰ፣ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ፣ እታለም ሙልሙሉን አደለች። ሩቅ ጅራፍ ይጮኻል። ልጅቷ ካርቶኑን ችቦው አጠገብ ያዘችው። እሳቱ ስለሚዋዥቅ ቁጥሩም ይዋዥቃል፤ በአማካይ ግን 19 ሉክስ ሆነ። «እማማ፣ ይኼ እኮ እታለም ቀን አተር ስትለቅምበት የነበረው ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌሊት ያገኘነውን ያንን ብርሃን ደማቅ አልነው፤ ቀን ቤት ውስጥ ሳለን ግን ጨለማ መሆኑን አላወቅንም።

በማግስቱ ለምን ካሜራውን ይዤ እንደመጣሁ ነገርኳት።

1976 ዓ.ም.

ዲፕሎማዬን ይዤ ገና ሥራ እንደጀመርኩ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ፣ የጉና ተራራ ግርጌ ላይ ካለ አንድ መንደር ሰዎች መጥተው «አራስ አለች፣ ልጁ ጡት እንቢ አለ» አሉኝ። ክረምት ነበር። በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በጭቃ ሄድኩ።

የሣር ክዳን ጎጆ ነው፣ መስኮት የለውም። ነፋስና ምች እንዳይመታቸው በሩ ላይ ጋቢ ተሰቅሏል። አራሷ የ18 ዓመት ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ በተወለደ በሦስተኛ ቀኑ። ኩራዝ አመጡልኝ። ልጁን ገልጬ አየሁት። እትብቱ ደህና ነው። ትኩሳት የለውም። እንቅልፍ ያበዛል፣ ጡት ሲሰጡት ለመጥባት ይለግማል። ቀለሙን አየሁ፤ ያየሁ መሰለኝ። «ደህና ነው፣ አዘውትረሽ አጥቢው» ብዬ ተመለስኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጁን አቅፈው መጡ። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ጠራራ ፀሐይ ነበር። ጨርቁን ስገልጥ ልጁ ከግንባሩ እስከ ውስጥ እግሩ ድረስ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። ልጁ ተረፈ፣ መስሚያውን ግን አጣ።

የአራስ ልጅ ቢጫ መሆን ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ከግማሽ የሚበልጡት ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ቢጫ ይሆኑና በራሱ ጊዜ ይለቃቸዋል። ቢጫነቱን የሚያመጣው ንጥረ ነገር ቢሊሩቢን ይባላል። እጅግ ሲበዛ ግን አንጎል ውስጥ ገብቶ መስሚያን፣ እንቅስቃሴን፣ ብሎም ሕይወትን ይነጥቃል። ሁሉም ነገር በጊዜ በማየት ላይ ነው ያለው። እኔ ደግሞ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ቃሌ «በሩን ክፈቱ» ነበር። ለትራኮማ ምርመራም ሰዉን እያወጣሁ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነበር ቆቡን ገልብጬ በማጉያ መነጽር የማየው። የሥራ ባልደረቦቼ «ሲስተር በር ክፈቱ» የሚል ስም አወጡልኝ። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ጎጆዋ

ነሐሴ 13 ቀን፣ የቡሄ ዕለት፣ ያንን መንደር ዳግመኛ ረገጥኩት። አሁን ጥርጊያ መንገድ ገብቶለታል፣ ባጃጅ ግማሽ ድረስ አደረሰን። ገብሱና ድንቹ ለምልሟል። ጉና ጫፉ በጉም ተሸፍኗል። ከሱ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ያን ሰሞን ደፍርሰው ወደ ጣና ይወርዳሉ።

እናቲቱን አገኘኋቸው። ከቆርቆሮ ቤታቸው ጎን የድሮዋ ጎጆ አሁንም ቆማለች፤ ማድቤት ሆናለች። ቀድሜ በስልክ ሰው ልኬባቸው ስለነበር እየጠበቁኝ ነው። ቡና ፈልቶ፣ ሙልሙል ቀርቦ፣ ጥቂት ስንጫወት ቆየን። ከዚያ «ያቺን ቤት ላያት እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

መደቡ አሁንም አለ። መብራት ከገዙት የሶላር ፋኖስ ነው የሚያገኙት፣ ኩራዙን ግን ከአንድ ጉድጓዳ መደርደሪያ ፈልገው አመጡ። ለኮስነው። በሩ ላይ ጋቢ ሰቀልን። ያኔ ልጁ የተኛበት ቦታ ላይ ካርቶኑን አኖርኩ፣ ኩራዙን አንድ ክንድ አርቄ ያዝኩት። የልጅ ልጄ አነሳች። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 2.8፣ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ። 8 በ250 ሲባዛ 2,000፣ በ3 ሲባዛ 6,000፣ በ1600 ሲካፈል ወደ 4 ሉክስ።

ኩራዟን አጠፋን። በሩን ከፈትንና ካርቶኑን ይዤ ወደ ደጃፉ ሄድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ዝናብ እያካፋ ነው፣ ፀሐይ የለም። አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 4፣ 1/60። 1,200 ሉክስ።

ሦስት እርምጃ፣ 300 እጥፍ።

ከዚያ ልጅቷ ሁለቱን ፎቶዎች ካሜራው ላይ ጎን ለጎን አሳየችኝ። ደጃፉ ላይ ያለው ካርቶን ግራጫ ነው። ኩራዙ ሥር ያለው ያው ካርቶን ግን ወይቧል፣ ቢጫ ሆኗል። የኩራዝ ነበልባል ሰማያዊ ብርሃን የለውም ለማለት ይቻላል፤ ያረፈበትን ሁሉ ቢጫ ያደርጋል። በዚያ ላይ ብርሃን ሲያንስ ዓይናችን ቀለም የመለየት አቅሟ ይደክማል። ሁለቱ ተደርበው ቢጫውን ልጅ ከሌላው ልጅ አልለየውም። ግራጫውን ቢጫ የሚያደርግ ብርሃን ቢጫውን እንዴት አድርጎ ያሳየኛል?

እውነቱን ልናገር፤ ይህን ቁጥር ሳገኝ ትንሽ የቀለለኝ መሰለኝ። በ4 ሉክስ ማንም አያይም ነበር። ቁጥሩ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። 1,200 ሉክስ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረ። ሁለት ሰዓት በጭቃ የሄድኩ ሰው ሦስት እርምጃ አልጨመርኩም።

ለእናቲቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጥሩንም፣ ስህተቴንም። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ሲስተር፣ ያን ቀን እናቴን ጋቢውን ስቀይው ያልኳት እኔ ነኝ። ነፋስ እንዳይመታው ብዬ። ስንት ዓመት ያቺን ጋቢ ሳስብ ኖርኩ።»

«ጋቢውን መግለጥ የእኔ ሥራ ነበር» አልኳቸው።

ለ38 ዓመት ሁለታችን በየቤታችን አንዲቱን ጥፋት ተሸክመን ኖረን ኖሯል። ሌላ ብዙ አልተባባልንም። እጄን ይዘው ቆዩ።

ልጁ አሁን የራሱ ልጆች አሉት፣ አራሽ ነው። ሲገባ እናቱ በእጃቸው ምልክት ረጅም ነገር ነገሩት። ወደ እኔ አየ። ካርቶኑን ከእጄ ተቀበለኝ፣ አገላብጦ አየው፣ መለሰልኝ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ወደ በሬዎቹ ሄደ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም፤ ይቅር እንዲለኝ የመጠየቅ መብት ያለኝም አልመሰለኝም። ማወቅ ግን ይገባው ነበር።

አንዲት ነርስ

ስንመለስ በመንገድ ላይ ለልጅ ልጄ የአንዲት ነርስ ታሪክ አጫወትኳት። በ1956 በፈረንጆች አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል ሲስተር ጂን ዋርድ የምትባል ነርስ ነበረች። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን ፀሐይ ሲወጣ ወደ ግቢው የማውጣት ልማድ ነበራት። አንድ ቀን ለሐኪሞቹ አንድ ቢጫ ሕፃን ገልጣ አሳየቻቸው። ገላው ነጥቷል፤ በጨርቅ ተሸፍኖ የነበረው ቦታ ብቻ ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል። ከዚያ በመነሣት ዶክተር ክሬመርና ባልደረቦቹ ምርምራቸውን በ1958 አሳተሙ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ሕፃናት ሰማያዊ መብራት ሥር የሚተኙበት ሕክምና የመጣው እንዲህ ነው። ብርሃኑ ቢሊሩቢንን ሰውነት ሊያስወግደው ወደሚችል ቅርጽ ይለውጠዋል።

ያች ነርስ መሣሪያ አልነበራትም። የነበራት በር ከፍቶ የማየት ልማድ ነው።

ወደ ቤታችሁ

እናትና አያት ለሆናችሁ ከዚያች ደብተር የወጣውን ላካፍላችሁ።

አራስ ቤት ካለ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ቢያንስ አንዴ ልጁን ወደ መስኮት ወይም ወደ በር አምጡት። ነፋስ የፈራችሁ እንደሆነ ክፍሉን አሙቁ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ መጋረጃውን ግን ግለጡ። ልብሱን ገልጣችሁ ግንባሩን ወይም ደረቱን በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁና ቀለሙን እዩ። ነጭ ዓይኑንና ድዱንም እዩ፤ ጠይም ለሆነ ልጅ ይህ ይበልጥ ይረዳል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ቢጫው መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ለመንቃት ካስቸገረ ወይም ጩኸቱ የተለየ ከሆነ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ለዚህ ሕክምና አይሆንም። የሲስተር ዋርድ ፀሐይ ለሆስፒታሎቹ መንገድ አሳየች እንጂ ሆስፒታሉን አትተካም። ካሜራም አይተካም፤ የብርሃኑን ብዛት ይለካል እንጂ የልጁን ደም አይመረምርም።

ተማሪ ካለ፣ ለመማሪያ ክፍል በብዙ አገሮች የሚመከረው 300 ሉክስ ያህል ነው፤ የእታለም መስኮት ማለት ነው። የጥናት ጠረጴዛውን ወደ መስኮት አስጠጉ። ማታ መብራቱን ወደ ደብተሩ አቅርቡ፦ የአንዲት ትንሽ መብራት ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል።

ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ ደጅ ልቀቋቸው። ቻይና ጓንግዦ ላይ የተደረገና በ2015 በፈረንጆች የታተመ ጥናት አለ። አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆችን በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ደጅ አዋሏቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነዚያ ውስጥ የሩቅ ማየት ችግር የያዛቸው ከመቶ 30 ያህሉ ናቸው፤ ካልወጡት ግን 40 ያህሉ ተያዙ። በደመናማው ደብረ ታቦር ደጅ 9,600፣ መስኮት ሥር 300 መሆኑን አስታውሱ። ስልክ ላይ ያፈጠጠ ልጅ የሚያጣው ያንን ልዩነት ነው።

ራሳችሁ መለካት ካማራችሁ የስልካችሁ ፎቶም ይበቃል። ፎቶውን ከፍታችሁ ዝርዝር መረጃውን ስታዩ ሦስቱ ቁጥሮች አሉ። የሌሊት ማንሻውን ግን አጥፉ፤ እሱ ብዙ ፎቶ ስለሚደራርብ ሒሳቡን ያበላሸዋል። የልጅ ልጆቻችሁን ሒሳቡን እንዲሠሩ ጠይቋቸው። ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ወደ ደብረ ታቦር መሄድ አልሆነልኝም። በእታለም ስልክ ነው የምንገናኘው። መስኮቷ ሥር መቀመጧን ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ፤ «አዎ አዎ» ትለኛለች፣ በድምጿ ግን ምድጃው አጠገብ እንደሆነች አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የኮንዶሚኒየማችን ጎረቤት ወለደችና ልጠይቃት ገባሁ። ገንፎው ቀርቧል፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሕፃኑ በአራተኛ ቀኑ ነው። «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያምራል!» ብለን ልጁን ከተቀበልኩ በኋላ ይዤው ተነሣሁ። አያቱ «ወዴት ነው ሲስተር?» አሉኝ።

«መስኮቱ ጋ» አልኳቸው። «ሦስት እርምጃ ነው።»

ልጁ ደህና ነው። ሰላም ሰንብቱ።